ሰባት ከላይ፣ ሰባት ከታች

እኔ አናጢ ነኝ፤ ሰኞ ገበያ ጥግ፣ ከቆርቆሮው ሱቅ አጠገብ፣
አልጋ ነው እንጂ የኔ ሙያ፣ መች አውቃለሁ ዜማ መጠበብ።
መምህር አበጋዝ ይመር ያን ጥቁር ሣጥን ይዞ ሲመጣ፣
"ኑርዬ፣ ድልድዩ ተሰበረ" ቢለኝ፣ የቦርከናው መስሎኝ ነፍሴ ልትወጣ።

ሣቀና ሣጥኑን ከፈተ፤
እንደተኛ ሕፃን፣ እንዳይነቃ፣ ጨርቁን በቀስታ ጎተተ።
ከአንገቱ ጫፍ፣ ዓይኗ የታሰረ አንዲት ልጅ ተቀርጻለች፤
"ፍቅር ናት" አለኝ፤ "ዕውር ናት፣ ግን በጆሮዋ ታያለች።"
ቪዮላ ዳሞሬ ይባላል፤ የተሠራበት አገር እንኳ የረሳው፣
ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ደሴ ላይ የሚያነሣው አንድ ሰው።

ቆጠርኩ፤ ሰባት ክር ከላይ፣ ከሥራቸው ደግሞ ሰባት ቀጭን ሽቦ፤
"የታቹን ማን ይመታዋል?" ብለው፣ "ማንም" አለኝ ጥቂት አስቦ፤
"የላዩ ሲናገር ያደምጣል፤ የሰማውን ነው የሚለው፤
ጆሮ ነው ኑርዬ፣ ድምፅ ያለው።"

በወጣትነቱ ከላይፕዚግ ሲገባ፣ ኬላ ላይ አስቆሙት፤
"ምንድን ነው የያዝከው?" አሉት።
"መሣሪያ" ብሎ መለሰ።
በአንዲት ቃል ጦስ ጣቢያ አደረ፤ ሣጥኑን ተንተራሰ።
ሲነጋ መቶ አለቃው "እስቲ ተኩሰው" አለ፤ ደጋኑን ስቦ ተኮሰ።
ከእስር ቤቱ ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻ፣ "ድገመው" ሲል ተሰማ፤
"የመጀመሪያው ኮንሰርቴ" ይለዋል፣ ያን ሌሊትና ያን ዜማ።

ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማረ፣ በአንድ እጁ ጠመኔ ይዞ፤
"ባቲና አምባሰል ለሌላው ቅኝት ናቸው፤ ለናንተ የአውቶቡስ ጉዞ"
ይል ነበር። በወላጆች ቀን፣ ከሽልማቱና ከንግግሩ መሀል፣
አሥር ደቂቃ ይሰጡታል፤ ስምንቱ በመቃኘት ያልቃል።
በቀረችው ሁለት ደቂቃ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ዕድሜ የተኖረ፤
እሷንም ሳይጨርሳት፣ ጭብጨባው ይቀድመው ነበረ።

አንዴ ኮምቦልቻ ሠርግ ጠሩትና አብሬው ሄድኩ፤
"ኪቦርድ የለህም?" አሉት። እኔ አፈርኩ።
ስንመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ የሚኒባሱ ነፍስ አለፈ፤
ጭጋግ ከገደሉ ወጥቶ ሲከበን፣ መምህር ያን የጥንት ዜማ ዘረገፈ።
ረዳቱ እንኳ ዝም አለ፤ ሒሳብ መጠየቁን ረሳ፤
ዶሮ የታቀፉ አንዲት ሴት፣ "ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብህ?" ብለው
ሦስት ሙዝ ሰጡት ለምሳ።
የተከፈለው ያ ነው፤ ሌላ ክፍያ እኔ አላውቅሳ።

አምና እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ደጋኑ ከክሩ ላይ ተንከባለለ፤
"አንተ ጋ ይሁን ኑርዬ፤ እኔን ባየ ቁጥር ይከፋዋል" አለ።
ሰቀልኩት ከመጋዙ በላይ። አንድ ቀን የጨቅላ አልጋ ስመታ፣
ምስማሩ እንጨቱን ሲነክስ፣ ከግድግዳው "እምም" አለ፤ ቆየ ላንዳፍታ።
ማንም አልነካው። መዶሻው እጄ ላይ ቀረ።
ደግሜ መታሁ፤ ዝም። ሌላ ምስማር፤ ዝም። በሦስተኛው ተናገረ።
አሁን ጠባዩን ለመድኩ፤ ለአይሱዙ ጡሩምባ ደንታም የለው፤
ጎረቤቴ ሼህ ሙሄ ሲያስሉ ግን፣ "አይዞዎት" እንደማለት ነው።

መምህር ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል፤
ካልተጠረበ ግንድ ላይ ይቀመጣል፤
ስለ ጡረታው፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ጦሳ ውርጭ ያወራል፤
ወደ ግድግዳው ቀና አይልም። እንደተቀየመው ሰው ይኮራል።

ትናንት ግን፣ "ደኅና ዋል ኑርዬ" ብሎ ሲነሣ፣ በዚያ በሻከረ ድምፁ፣
ከላይ መለሱለት፣ የታቾቹ። ቆመ። ተለወጠ ገጹ።
"ሦስተኛው ክር ላልቷል" አለኝ።
"መምህር፣ እኔ አናጢ ነኝ።"
"ቁልፉን ወደ ቀኝ፣ በጥቂቱ፤ እስክትደርስበት አትቸኩል፤
እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ እያወራሁ እጠብቃለሁ፤ በል።"